የጣልያኑ አኩዊ ክፍለ ጦር እና የኬፋሎኒያ ጭፍጨፋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጣልያን ጦር ሲነሳ የእኛ ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ዓድዋና ማይጨው ነው። የአኩዊ ታሪክ ግን የተፈጸመው ግሪክ ውስጥ፣ አንዲት ደሴት ላይ ነው። በ1943 መስከረም ውስጥ ሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ አንድ ሙሉ ክፍለ ጦር ጠፋ። የገደሉት ደግሞ የትናንት ጓዶቹ ጀርመኖች ናቸው። ታሪኩ ውስጥ እኛ በደንብ የምናውቀው አንድ ስም አለ፤ ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ለይተን ካልጠቀስን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አኩዊ ምን ዓይነት ክፍለ ጦር ነበር?

የጣልያን ጦር 33ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ነው። ስሙ በሰሜን ጣልያን፣ በፒየሞንቴ ካለች ከተማ የመጣ ነው። በሰላሙ ጊዜ መቀመጫው መራኖ ነበር፤ በአልፕስ ተራሮች ሥር። ዋና አካሉ 17ኛና 18ኛ እግረኛ ሬጅመንቶች እና 33ኛው የመድፈኛ ሬጅመንት ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጦርነቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የጣልያን ጦር የአንድን ክፍለ ጦር እግረኛ ሬጅመንት ከሦስት ወደ ሁለት አወረደ። የክፍለ ጦሮቹ ቁጥር በወረቀት ላይ በዛ፤ ለሙሶሊኒ ዲስኩርም ተመቸ። ግንባር ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ክፍለ ጦር ሳስቶ ተገኘ። ጥቂት ቀን ሲዋጋ የሚተካው ሰው የለውም። ለአኩዊ በኋላ 317ኛ የሚባል ሦስተኛ ሬጅመንት ተጨመረለት።

ኢትዮጵያ ዘምቶ ያውቃል?

አልዘመተም። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ወደ እኛ የመጡት እንደ ጋቪናና፣ ግራን ሳሶ፣ ሳባውዳ፣ ሲላ፣ አሲየታ ያሉት ናቸው። አኩዊ ከእነዚህ መካከል የለም።

ከ1943 በፊት የት ነበር?

በሰኔ 1940 በፈረንሳይ ድንበር አጭር ዘመቻ ላይ ተሳተፈ። ሙሶሊኒ ግሪክን ከወረረ በኋላ፣ ግሪኮች ጣልያንን ወደ አልባኒያ መልሰው ሲገፉት፣ አኩዊ ለእርዳታ ወደዚያው ተላከ። የአልባኒያ ተራራ በክረምት ቀላል አልነበረም። ግሪክ በመጨረሻ የወደቀችው በ1941 የጸደይ ወራት ጀርመን ስትገባበት ነው። ከዚያ አኩዊ የኢዮኒያ ደሴቶችን ተቆጣጠረ፦ ኮርፉን፣ ኬፋሎኒያን፣ ሌፍካዳን፣ ዛኪንቶስን።

ወደ ደሴቶቹ የገባው ወራሪ ሆኖ ነው፤ ይሄ መድበስበስ የለበትም። ሮም ደሴቶቹን ጠቅልላ የራሷ ለማድረግ አስባ ነበር። ለብቻቸው የሚገለገሉበት ገንዘብ እስከማተም ደርሳለች። ግሪክ በረሃብ ስትቀጣ ከነበሩት ቀጪዎች አንዱ ይሄው ጦር ነው። ዛሬ አንዳንድ ጽሑፍ ላይ ሶልዳቶው ሁሉ ዘፋኝና አፍቃሪ ተደርጎ ይቀርባል። ወረራን በወታደር ዘፈን መመዘን አይቻልም። ይሄን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጳጉሜን 3 ቀን 1935 ዓ.ም. ምን ተፈጠረ?

በአውሮፓ መስከረም 8 ቀን 1943 ነው። ሙሶሊኒ በሐምሌ ወር ከሥልጣን ወርዶ፣ ንጉሡ ባዶሊዮን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎታል። አዎ፣ ያው ባዶሊዮ። ወታደራችንን በመርዝ ጋዝ ያስፈጀው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው።

የባዶሊዮ መንግሥት ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር የተኩስ አቁም ስምምነት በድብቅ ፈርሞ ነበር። ያን ቀን ማታ ወሬውን ባዶሊዮ ራሱ በሬዲዮ ነገረ። መልእክቱ ሁለት ነገር አለው። ጣልያን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር መዋጋቷን ታቆማለች። ከሌላ ወገን ጥቃት ከመጣ ግን ጦሩ ይመክታል። ያ ሌላ ወገን ማን ነው? ጀርመን ብሎ በስሟ አልጠራትም።

በማግሥቱ ንጉሡና ባዶሊዮ ሮምን ጥለው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ብሪንዲዚ ገቡ። ከፈረንሳይ እስከ ግሪክ ደሴቶች ተበትኖ ያለው ጦር ግልጽ ትእዛዝ ሳይደርሰው ቀረ። ጀርመኖች ግን ይሄን ቀን ሲጠብቁት ስለነበር ዕቅዳቸው ዝግጁ ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ከ600,000 በላይ የጣልያን ወታደሮች ተይዘው ወደ ጀርመን ካምፖች ተጋዙ።

ኬፋሎኒያ ላይ የነበረው ኃይል ምን ያህል ነው?

ጣልያኖቹ 12,000 ገደማ ነበሩ። ጀርመኖቹ 2,000 ቢሆኑ ነው፤ አዛዣቸው ሌተና ኮሎኔል ዮሐንስ ባርጌ ይባላል። አብዛኞቹ የሰፈሩት ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከአርጎስቶሊ በባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በሊክሱሪ በኩል ነው። በሰው ቁጥር ካየነው ጨዋታው የጣልያን ነበር። ግን ሰማዩ የጀርመን ነው። ባሕሩን አቋርጦ ረዳት ሊልክ የሚችለውም ጀርመን ብቻ ነው።

ጄኔራል ጋንዲን ያን ያህል ለምን አመነታ?

አንቶኒዮ ጋንዲን ክፍለ ጦሩን ከተረከበ ጥቂት ወር ነው። ከዚያ በፊት በጠቅላይ ዕዙ ውስጥ ሲሠራ ስለነበር ጀርመኖችን በቅርብ ያውቃቸዋል። ቋንቋቸውን ይናገራል። የብረት መስቀል ኒሻናቸውንም ሸልመውታል።

አሁን በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አቴንስ ያለው አለቃው ጄኔራል ቬክያሬሊ መሣሪያህን ለጀርመን አስረክብ ይለዋል። ከብሪንዲዚ የሚመጣው መልእክት ደግሞ ጀርመንን እንደ ጠላት ቁጠር ይላል። ባርጌ መስከረም 11 ቀን ቁርጥህን ንገረኝ አለው፦ ወይ ከእኛ ጋር ሁን፣ ወይ ተዋጋን፣ ወይ መሣሪያ አውርድ። ጋንዲን ጊዜ ለመግዛት ሞከረ። ምናልባት መሣሪያችንን ይዘን በሰላም አገራችን እንግባ የሚል ተስፋ ነበረው። የጦሩን ቄሶች ሳይቀር ሰብስቦ ምክር ጠየቀ። አብዛኞቹ ደም ከሚፈስ መሣሪያው ይቅር አሉት።

በዚህ መሃል ካርዳካታ የሚባለውን ቁልፍ ኮረብታ እንዲለቁ አደረገ። በጎ ፈቃድ ማሳየቱ ነበር። ለሶልዳቶው ግን ተሸጥን ማለት ነው የመሰለው።

እኔ ጋንዲንን ፈሪ ብሎ መፈረጅ ይከብደኛል። 12,000 ሰው በእጁ ነው፤ መርከብ የለው፣ አውሮፕላን የለው፤ መንግሥቱ ሸሽቷል። ነገር ግን ያባከናቸው ቀኖች ለጀርመን ነው የጠቀሙት። ይሄም ሐቅ ነው።

ወታደሮቹ ድምፅ ሰጡ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚገረመውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ግን በጥይት ነው። መስከረም 13 ቀን ጠዋት፣ እኛ አገር የ1936 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ በተከበረ ማግሥት፣ ወታደር የጫኑ ሁለት የጀርመን ጀልባዎች ወደ አርጎስቶሊ ወደብ መጡ። የመድፈኛ መኮንኖች ከላይ ትእዛዝ አልጠበቁም። እነ ሻምበል ሬንዞ አፖሎኒዮና ሻምበል አሞስ ፓምፓሎኒ አስተኮሱባቸው። አንዷ ጀልባ ሰመጠች። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አስቸጋሪ ሆነ።

በዚያው ሌሊት ጋንዲን ጥያቄውን ወደ ተራው ወታደር አወረደው። ከጀርመን ጎን እንሰለፍ? መሣሪያ እናስረክብ? ወይስ ጀርመንን እንውጋ? ከሦስቱ ምርጫዎች እንዋጋ የሚለው በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ሃያ ዓመት ሙሉ እመን፣ ታዘዝ፣ ተዋጋ እየተባለ ባደገ ጦር ውስጥ የተካሄደ ምርጫ ነው። ለብዙዎቹ ወጣቶች በሕይወታቸው ማንም አስተያየታቸውን ሲጠይቃቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እንዋጋ ያሉት ሁሉ ግን በአንድ ምክንያት አይደለም። ፋሺዝም ያንገሸገሸው ነበረ። ለንጉሡ የማለውን መሐላ የሚጠብቅ ነበረ። ጀርመን መሣሪያህን ስጠኝና አገርህ ላስገባህ ሲለው ያላመነም ብዙ ነው። ይሄኛው ትክክል ነበር፤ በሌላ ቦታ መሣሪያ ያስረከቡት በባቡር የተጫኑት ወደ አገራቸው ሳይሆን ወደ ካምፕ ነው።

ውጊያው እንዴት አለቀ?

መስከረም 15 ቀን ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ጣልያኖቹ ቀናቸው። አርጎስቶሊ አካባቢ የነበሩትን ጀርመኖች አሸንፈው በመቶዎች የሚቆጠሩትን ማረኩ። ከዚያ ስቱካዎቹ መጡ። ጠልቀው እየወረዱ ቦምብ የሚጥሉ አውሮፕላኖች ናቸው፤ በቀን ብርሃን ኮረብታ ላይ መንቀሳቀስ ራሱ ሞት ሆነ። ጀርመኖች ከዋናው ምድር ተራራ ለመዋጋት የሠለጠነ ጦር እየጫኑ አራገፉ። የዘመቻው መሪ ሻለቃ ሃራልድ ፎን ሂርሽፌልድ ነበር፤ የበላይ አዛዡ ደግሞ ጄኔራል ሁበርት ላንዝ።

ከብሪንዲዚ እርዳታ ቢጠየቅ አልመጣም። አንድ የጣልያን አድሚራል መድኃኒትና ጥይት አስጭኖ ሁለት የጦር ጀልባ ልኮ ነበር። የተባበሩት ኃይሎች በመንገድ ላይ መለሷቸው። ስምምነት ከፈረመች ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላትን ጣልያንን አላመኗትም።

መስከረም 22 ቀን ጋንዲን ነጭ ባንዲራ ሰቀለ።

እጅ ከሰጡ በኋላ ለምን ተገደሉ?

ሂትለር መስከረም 18 ቀን ለዚች ደሴት የተለየ ትእዛዝ አስተላልፎ ነበር፦ ከኬፋሎኒያ ጣልያኖች ምርኮኛ አይያዝ። ሰበቡ ከሃዲ ናቸው የሚል ነው። ሌላም የሕግ ቀዳዳ ነበራቸው። የባዶሊዮ መንግሥት በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀው ጥቅምት 13 ቀን ነው። በመስከረም የተዋጋው አኩዊ ስለዚህ በእነሱ አባባል የመደበኛ ጦርነት ወታደር አይደለም፤ ሽፍታ ነው። ባዶሊዮ አዋጁን ለአንድ ወር ማዘግየቱ የስንት ሰው ነፍስ እንደበላ አስቡት።

ግድያው ውጊያው ሳያልቅ ነው የጀመረው። እጁን ያነሳ ክፍል ሁሉ በተገኘበት ሜዳ ላይ ይረሸናል። ትሮያናታ የምትባል መንደር አጠገብ ብቻ በመቶዎች ተገድለዋል።

መስከረም 24 ቀን ተራው የመኮንኖቹ ሆነ። ጋንዲን በማለዳ ለብቻው ተረሸነ። ቀጥሎ ከ100 በላይ መኮንኖች ከአርጎስቶሊ ወጣ ብሎ ባለው ሳን ቴዎዶሮ፣ ቀይዋ ቤት በሚሏት ቦታ አጠገብ፣ በትንንሽ ቡድን እየተጠሩ ተገደሉ። አስከሬናቸውን ጀልባ ላይ ጭነው ወደ ባሕር እንዲጥሉ የታዘዙ ጣልያን መርከበኞች ነበሩ። ሥራቸውን ሲጨርሱ እነሱም ተገደሉ፤ ምስክር እንዳይተርፍ።

የተረፈ የለም ወይ?

አለ። በሺዎች የሚቆጠር ተራ ወታደር በምርኮ ተርፏል። ጄኔራል ላንዝ በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ የሂትለርን ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ አልፈጸምኩም ብሎ የተከራከረውም ይሄን ይዞ ነው።

የሻምበል ፓምፓሎኒ ታሪክ የተለየ ነው። የእሱ ባትሪ (የመድፈኛ ክፍል) መስከረም 21 ቀን እጅ ሰጠ። አንድ ጀርመናዊ መኮንን ከኋላው ሆኖ ተኮሰበት። ጥይቱ አንገቱን በስቶ ወጣ። ወደቀ፤ ግን አልሞተም። መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳለ ወታደሮቹ ሁሉ ሲረሸኑ ሰማ። ሬሳ መስሎ ቆየና ጀርመኖቹ ሲሄዱ ተነሣ። ግሪኮች ደበቁት። ቁስሉ ሲድን ኤላስ ከሚባሉት የግሪክ አርበኞች ጋር ሆኖ ዓመት አልፎ ተዋጋ።

ሌላው የጦሩ ቄስ ሮሙዋልዶ ፎርማቶ ናቸው። በቀይዋ ቤት ሟቾቹን ሲያናዝዙ ነው የዋሉት። ኑዛዜ፣ ለሚስት የሚሰጥ ቀለበት፣ ለእናት የሚደርስ ፎቶ ሁሉ እሳቸው ጋር ይቀመጣል። በመጨረሻ አልቅሰው ለመኑ። አንድ ጀርመናዊ መኮንን ሄዶ አለቆቹን ጠየቀና ተመለሰ። ወረፋ ይዘው የነበሩት 37 ያህል መኮንኖች ተረፉ።

የደሴቲቱ ሰዎችስ? ትናንት የወረራቸውን ወታደር ጓዳቸው ሸሸጉት። የራሳቸውን ልብስ አለበሱት። በእነሱ ምክንያት የተረፈው ቀላል አይደለም።

ስንት ሰው ሞተ?

ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ከጦርነቱ በኋላ ጣልያን ውስጥ ሲነገር የኖረው ከ9,000 በላይ የሚል ነበር። ይሄ በውጊያ የሞተውን፣ የተረሸነውንና ባሕር የበላውን ደምሮ ነው። በብዙ ጽሑፍ የምታገኙት ደግሞ 5,000 ገደማ ተረሸኑ የሚለውን ነው። ስም በስም መዝገብ ያገላበጡ የቅርብ ጊዜ አጥኚዎች ቁጥሩን በጣም ያወርዱታል፤ በደሴቲቱ ላይ የሞተው በጠቅላላ ከ2,000 ብዙም አይርቅም የሚሉ አሉ። ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ እጅ የሰጠ ጦር ላይ የተፈጸመ የጅምላ ግድያ መሆኑ አይቀየርም።

ባሕር የበላቸው እነማን ናቸው?

ከግድያ ተርፈው ወደ ምርኮ ካምፕ የሚጓዙት። በመርከብ ውስጥ ታጉረው ሲሄዱ አንዳንዶቹ መርከቦች ፈንጂ ነክቷቸው ሰመጡ። አርዴና የምትባለው በመስከረም መጨረሻ፣ ከአርጎስቶሊ ብዙም ሳትርቅ ሰመጠች። በዚህ መንገድ ከ1,000 በላይ የኬፋሎኒያ ምርኮኛ አልቋል።

ኮርፉ ላይስ?

18ኛው ሬጅመንት እዚያ ነበር። በኮሎኔል ሉዊጂ ሉሲኛኒ መሪነት ተዋጋ፤ ጀርመኖችንም ማርኮ ወደ ጣልያን ላከ። በመስከረም መጨረሻ ደሴቷ ስትወድቅ ሉሲኛኒና ሌሎች መኮንኖች ተረሸኑ።

ማን ተጠየቀበት?

በጣም ጥቂት ሰው። ላንዝ ኑረምበርግ ቀርቦ በ1948 12 ዓመት ተፈረደበት፤ በ1951 ተፈታ። ሂርሽፌልድ ጦርነቱ ሳያልቅ በ1945 መጀመሪያ ግንባር ላይ ሞቷል። ከዚያ ዝም ተባለ።

ዝምታው ምክንያት ነበረው። በ1950ዎቹ ምዕራብ ጀርመን በኔቶ ውስጥ ጦሯን እንደገና እያቋቋመች ነው። የጣልያን ሚኒስትሮች በ1956 ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ አሁን የጀርመን መኮንኖችን ስጡን ማለት አይበጀንም ብለው ተስማሙ። ይሄንና ሌሎች የናዚ ወንጀሎችን የሚመለከቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ሮም ውስጥ አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ኖሩ። የተገኙት በ1994 ነው። በ2013 የሮም ወታደራዊ ፍርድ ቤት አልፍሬድ ሽቶርክ በሚባል የቀድሞ አሥር አለቃ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ሰውየው 90 ዓመቱ ነበር፤ ጀርመን አገር ቤቱ ተቀምጦ ነው የተፈረደበት።

የእኛ አንባቢ እዚህ ጋ አንድ ነገር ትዝ ሊለው ይገባል። ኢትዮጵያም ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ ጣልያኖችን በጦር ወንጀል ከሳ፣ ስማቸውን ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርባ ነበር። አንዱም ለፍርድ አልቀረበልንም። ግራዚያኒ አገሩ ውስጥ በ1950 የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ ለየካቲት 12 አይደለም። ለኬፋሎኒያ ሟቾች ፍትሕ የነፈገው ፖለቲካ፣ የራሷን ወንጀለኞች አሳልፋ ላለመስጠት ስትል ጣልያን ራሷ የተጫወተችው ነው። የእኛን ክስ ገፍትራ፣ የራሷን ክስ ጀርመን ላይ አጥብቃ መያዝ አይመቻትም ነበር።

ጣልያኖች ዛሬ እንዴት ያዩታል?

አንድ ዓይነት አመለካከት የለም። ልጃቸው የተረሸነባቸው አንድ አባት ከጦርነቱ በኋላ የከሰሱት ጀርመኖችን ብቻ አልነበረም። ያለ ትእዛዝ ያስተኮሱትንና ጄኔራሉን ያስገደዱትን ጣልያን መኮንኖችም ከሰዋል። በእሳቸው ዓይን እነ አፖሎኒዮ ጦሩን ወደ እልቂት የነዱ አመፀኞች ናቸው። ፍርድ ቤቱ በነጻ ለቀቃቸው።

በግራ ቀኙ ክርክር መሃል ታሪኩ ለረጅም ጊዜ ተድበስብሶ ቆየ። ለቀኙ የንጉሡና የጦሩ ውድቀት ነው። ለግራው ደግሞ ጀግኖቹ የወራሪ ጦር ዩኒፎርም የለበሱ ናቸው። በመጋቢት 2001 ፕሬዚዳንት ቻምፒ ኬፋሎኒያ ድረስ ሄደው፣ የአኩዊ ውሳኔ ከፋሺዝም ነጻ የወጣችው ጣልያን የመጀመሪያ የአርበኝነት ተግባር ነው ብለው ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት አቋም ይሄ ነው።

ኬፋሎኒያ ብሄድ ምን አያለሁ?

አውሮፓ ያላችሁ በበጋ ግሪክ ከሄዳችሁ፣ ከአርጎስቶሊ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የአኩዊ መታሰቢያ ሐውልት አለ። ከተማው ውስጥ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትንሽ ኤግዚቢሽን ታገኛላችሁ፤ ፎቶና የወታደር ዕቃ ነው። አሮጌውን ከተማ ግን አትፈልጉ። በነሐሴ 1953 የመሬት መንቀጥቀጥ ደሴቷን ስላፈረሳት አብዛኛው ቤት ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ከሟቾቹ የተሰበሰበው አጽምም እዚያ የለም። በ1950ዎቹ ወደ ጣልያን ተጓጉዞ ባሪ ውስጥ፣ በባሕር ማዶ ለሞቱ ወታደሮች በተሠራው መካነ መቃብር አርፏል።